ጨቅላው ቢጫ ሲሆን፦ መጋረጃውን ግለጡ፣ ሰዓቱን ቁጠሩ

የመጀመሪያ ልጄን የወለድኩት ሐምሌ ላይ ነው። የጅማን ሐምሌ የሚያውቅ ያውቀዋል። ጠዋት ጉም፣ ከሰዓት ዝናብ፣ ማታም ዝናብ። በዚያ ላይ አራስ ነኝ። መስኮቱ ተዘግቷል፣ መጋረጃው ወርዷል፣ ብርድ እንዳይመታን ተብሎ ከመጋረጃው ላይ ጋቢ ተደርቦበታል። አምፖሏም ያቺ ቢጫዋ ናት። እዚያ ጨለማ ውስጥ ሦስት ቀን ሙሉ ልጄን አቅፌ ተቀምጬ ቢጫ መሆኑን አላየሁም። ያየችው ገንፎ ልትበላ የመጣች ጎረቤታችን ናት። ልጁን ተቀብላኝ ወደ በሩ ዞር አደረገችውና "ኧረ ይሄ ልጅ ዓይኑ ምን ሆኗል?" አለች።

ከወለድኩበት ቦታ ያሰናበቱኝ በስድስት ሰዓት ውስጥ ነበር። አልጋ ጠበበ ተባለ። ስለ ቢጫነት የነገረኝ ሰው የለም፣ መቼ ተመለሺ ያለኝም የለም። ሐኪም አይደለሁም፤ ከዚያ ወዲህ ግን ሁለት ልጅ ጨምሬያለሁ፣ ያገኘሁትን ነርስና ሐኪም ሁሉ በጥያቄ አድክሜያለሁ። እንግዲህ ያኔ አንድ ሰው ቁጭ አድርጎ ቢነግረኝ ኖሮ የምለውን ነው የምጽፈው።

ቢጫው ከየት ይመጣል

ስሙ ራሱ ሰው ያስደነግጣል። እኛ የወፍ በሽታ እንለዋለን፣ በኦሮምኛም ዱኩባ ሲምቢራ ነው፣ ያው ወፍ ናት። የሌሊት ወፍ አልፋበት ነው የሚሉ እናቶች ዛሬም አሉ። አዋቂ ሰው የሚይዘው የወፍ በሽታ አብዛኛውን ጊዜ የጉበት ሕመም ስለሆነ፣ አንዳንዱም ስለሚተላለፍ፣ ጨቅላው ቢጫ ሲሆን ሰው ሌሎቹን ልጆች ከአራስ ቤት ያባርራል። የጨቅላ ቢጫነት ግን ሌላ ነገር ነው። ቢጫው ራሱ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሕፃን ሲወለድ ብዙ ቀይ የደም ሕዋስ ይዞ ነው የሚመጣው። የአዋቂ ሰው ቀይ ሕዋስ 120 ቀን ያህል ይቆያል፣ የጨቅላው ግን ከዚያ ቀድሞ ይፈርሳል። ሲፈርስ ቢሊሩቢን የሚባል ቢጫ ነገር ይወጣዋል። ይሄን ቢጫ አዘጋጅቶ ወደ አንጀት የሚያወርደው ጉበት ነው፤ ከዚያ በካካ ይወጣል። ማህፀን ውስጥ እያለ ይሄን ሥራ በእንግዴ ልጁ በኩል እናትየው ትሠራለት ነበር። ተወልዶ እትብቱ ሲቆረጥ ጉበቱ በአንድ ቀን ሙሉ ሥራ ይረከባል፣ ገና ደግሞ አልለመደም። ስለዚህ ቢጫው ደም ውስጥ ይጠራቀምና ቆዳ ላይና ዓይን ላይ ይወጣል።

በጣም የተለመደ ነው። ቀኑን ጠብቆ ከተወለደው ከ10 ሕፃን 6ቱ ያህል፣ ያለ ቀኑ ከተወለደው ደግሞ ከ10 8ቱ ያህል በመጀመሪያው ሳምንት ቢጫ ይላል። አብዛኛው ጡቱን እየጠባ፣ ካካውን እያለ ራሱ ይጠራል። ችግሩ ጥቂቶቹ ላይ ነው። ቢሊሩቢኑ በጣም ከፍ ካለ አንጎል ውስጥ ይገባል፣ አንጎል ውስጥ የገባው ያደረሰው ጉዳት ደግሞ አይመለስም። መስማት የተሳነው ልጅ፣ አንገቱን መሸከም፣ መቀመጥ፣ መራመድ የከበደው ልጅ ሊያስቀር ይችላል። ይሄን የምለው ላስፈራራችሁ አይደለም። በጊዜ ከተደረሰበት ሕክምናው ቀላል ስለሆነ ነው፤ ከነገሩ ሁሉ የሚያናድደኝም እሱ ነው።

እንዴት ይታያል

በቀን ብርሃን። አምፖል ሥር አይታይም፣ ሻማና የስልክ መብራትማ ጭራሽ። ጠዋት መጋረጃውን ግለጡና መስኮቱ አጠገብ ይዛችሁት ቁሙ። ብርዱ ካሰጋችሁ መስኮቱን አትክፈቱ፣ መጋረጃው ብቻ ይነሳ። ብርሃን አራስን አይመታም። አማቴ ጋር በዚህ ተጣልተናል፣ በኋላ ታርቀናል።

መጀመሪያ የዓይኑን ነጭ እዩ። ችግሩ ጨቅላ ዓይኑን አይገልጥም፣ በጣት ለመግለጥ ብትታገሉት ጭራሽ ይጨፍናል። ቀና አድርጋችሁ፣ ጭንቅላቱን ደግፋችሁ ያዙት፤ ብዙ ጊዜ ያኔ ይገልጣል። ቀጥሎ ግንባሩን ወይም አፍንጫውን በንጹሕ ጣት ቀስ አድርጋችሁ ተጫኑና ልቀቁ። ጣታችሁ ሲነሳ ደሙ ሸሽቶ ለአንድ አፍታ የቆዳው እውነተኛ ቀለም ይታያል። እሱን ነው የምታዩት። ጠየም ያለ ልጅ ላይ ቆዳው ያታልላል፣ ስለዚህ ድዱንም እንደዚያው ጫን አድርጋችሁ እዩት። ድድና ዓይን አይዋሹም።

ቢጫው የሚጀምረው ከፊት ነው። እየጨመረ ሲሄድ ወደ ደረት፣ ወደ ሆድ፣ ወደ እግር ይወርዳል። መዳፉና የእግሩ ውስጥ ቢጫ ከሆነ ከፍ ብሏል ማለት ነውና በዚያው ሰዓት ተነሱ፣ ነገ ጠዋት አትበሉ። ፊቱ ላይ ብቻ ነው ብላችሁ ደግሞ ሙሉ በሙሉ አትተማመኑ፤ ዓይን ልኩን አያውቅም፣ የባለሙያም ዓይን ይሳሳታል፣ ለዚህ ነው ደም የሚወስዱት።

ሰዓቱን ቁጠሩ

ከቀለሙ ይልቅ ትልቁን ነገር የሚናገረው ጊዜው ነው።

በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢጫ ያለ ልጅ፣ ትንሽም ይሁን ብዙ፣ ሐኪም ማየት አለበት። እዚህ ላይ "እንጠብቅ" የለም። ጤነኛው ዓይነት እንዲህ ቶሎ አይመጣም። ብዙ ጊዜ የእናትና የልጅ የደም ዓይነት ካለመስማማቱ ነው፣ አለዚያም ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል።

በሁለተኛው በሦስተኛው ቀን ጀምሮ እስከ አምስተኛው ቀን ድረስ ጨምሮ፣ ከዚያ እየቀነሰ በሁለት ሳምንት ውስጥ የሚጠፋው የተለመደው ነው። ያለ ቀኑ የተወለደ እስከ ሦስት ሳምንት ሊወስድበት ይችላል። ልብ በሉ፣ ከፍ የሚልበት ቀን ማለት እናትየው ቤት ገብታ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ገንፎ እየተገነፋ ባለበት ሰዓት ነው። የጤና ባለሙያ አጠገብ የሌለበት ሰዓት። ለዚህ ነው በሦስተኛው ቀን መታየት ያለበት። ስትወጡ "በሦስተኛው ቀን ላምጣው?" ብላችሁ እናንተ ጠይቁ፣ ካላሏችሁም ቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ የሠፈራችሁን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያም ቤት መጥታ እንድታየው ንገሯት።

አንድ ነገር አደራ። የተወለደበትን ሰዓት ወረቀት ላይ ጻፉ። ሐኪሙ የመጀመሪያ ጥያቄው "ስንት ሰዓቱ ነው?" ነው፣ ምክንያቱም የደም ውጤቱን የሚያነቡት በቀን ሳይሆን በሰዓት ነው። ለምሳሌ ቢሊሩቢኑ 12 (ሚሊግራም በዴሲሊትር) የሚል ውጤት የአንድ ቀን ልጅ ላይ ያሳስባል፣ ጤነኛ የአምስት ቀን ልጅ ላይ ግን ብዙ ጊዜ ምንም አያስደርግም። እኔ "ማክሰኞ ለሊት 8 ሰዓት" ስል ሐኪሙ ካርዱ ላይ በፈረንጁ አቆጣጠር የተጻፈውን 2 ሰዓት አይቶ ግራ ገባው፣ እኔም ግራ ገባኝ፣ ቆመን በጣት ቆጠርን። ማክሰኞ ለሊት የሚባለውስ ለረቡዕ አጥቢያ ነው ወይስ ለማክሰኞ አጥቢያ? ቀኑንም፣ ሰዓቱንም፣ የኛ ይሁን የፈረንጅ፣ ጻፉት።

ከሁለት ሳምንት ያለፈ ቢጫስ? ጡት ብቻ የሚጠቡ፣ የሚፋፉ፣ ደህና የሆኑ ልጆች ላይ ለሳምንታት ትንሽ ቢጫ ሊቆይ ይችላል፤ ከእናት ወተት ጋር የተያያዘ ነው፣ ጉዳት የለውም፣ ጡትም አያስቆምም። ግን እሱ ነው ብላችሁ እናንተ አትወስኑ። ከ14 ቀን በኋላ ቢጫ ከሆነ ይታይ። በተለይ ጨርቁን እዩ። የጤነኛ ጨቅላ ሽንት ውሃ የሚመስል ነው፣ ጨርቅ አያቀልምም። ካካውም ከአራትና ከአምስት ቀን በኋላ ወደ ቢጫ የሚሄድ፣ ሰናፍጭ የሚመስል ነው። ሽንቱ ጨርቁን ቢጫ ካደረገ፣ ካካው ደግሞ ነጣ ብሎ ኖራ ወይም አመድ ከመሰለ፣ የሐሞት ቱቦው ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። ይሄ ቀዶ ሕክምና የሚፈልግ ነው፣ ቀዶ ሕክምናውም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ውስጥ ሲሠራ ነው ይበልጥ የሚሳካው። የዚህ ልጅ ቢጫነት ደግሞ ብዙም ላይደምቅ ይችላል፣ ልጁም ወፍራምና ደህና ሊመስል ይችላል። ስለዚህ ጨርቁን የሚያጥበው ሰው ይጠየቅ፤ እኛ ቤት እህቴ ነበረች፣ ከእኔ የበለጠ ታውቅ ነበር።

ማን የበለጠ ይጠንቀቅ

የእርግዝና ክትትል ካርዳችሁን አውጡ። የደም ዓይነታችሁ ኦ ከሆነና ልጁ የአባቱን ኤ ወይም ቢ ከወረሰ፣ የእናት ሰውነት የልጁን ደም እንደ ባዕድ ሊያየውና ሊያፈርሰው ይችላል። ብዙ ጊዜ ቀላል ነው፣ አንዳንዴ አይደለም። ኔጌቲቭ የሚል ከተጻፈና ልጁ ፖዘቲቭ ከሆነ ጠንከር ያለ ነው፤ ለዚህ ከወለዳችሁ በ72 ሰዓት ውስጥ የሚወሰድ አንቲ ዲ የሚባል መርፌ አለ። መርፌው ለዛሬው ልጅ አይጠቅምም፣ የሚያድነው ቀጣዩን ነው። ዋጋው ስለሚከብድና ሁሉም ቦታ ስለማይገኝ ሳትወልዱ በፊት ከየት እንደሚገኝ አጠያይቁ።

ሌላው፣ ያለ ቀኑ የተወለደ፣ በቫኪዩም ተስቦ ጭንቅላቱ ላይ እብጠት ወይም ሰውነቱ ላይ የተጠራቀመ ደም ያለበት፣ ታላቁ ወይም ታላቋ በጨቅላነት ቢጫ ሆነው ሐኪም ቤት ለሕክምና መብራት ውስጥ የገቡበት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጡት በደንብ ያልያዘ ልጅ። በነገራችን ላይ ልብሱን ሣጥን ውስጥ ከናፍታሊን ጋር አስቀምጣችሁ ከሆነ ሳታለብሱት እጠቡት፣ አስጡት። በዘር የሚወርድ የደም ድክመት ያለበት ልጅ ላይ የናፍታሊን ሽታ ብቻውን ደም ሊያፈርስ ይችላል።

ቤት ውስጥ የምታደርጉት አንድ ነገር ነው፣ ማጥባት

ቢጫው የሚወጣው በካካ ነው ብያለሁ። ካካ የሚመጣው ከጠባ ነው። ካልጠባ ቢጫው አንጀት ውስጥ ይቀመጥና ተመልሶ ወደ ደም ይገባል። ስለዚህ በቀን በሌሊት ከ8 እስከ 12 ጊዜ። እንገሩን፣ ያንን ወፍራም ቢጫ የመጀመሪያ ወተት፣ አትድፉት። "እሱ ነው ቢጫ ያደረገው" የሚል ሰው ቤታችሁ አይጠፋም። ውሸት ነው፤ እንዲያውም አንጀቱን የሚጠርገው እንገሩ ነው።

ውሃ፣ ስኳር በውሃ፣ አብሽ፣ ቅቤ ማላስ፣ ሁሉም ይቅር። ጨቅላ ሆዱ ትንሽ ነው። ሁለት ማንኪያ የስኳር ውሃ ከያዘ ለወተት ቦታ የለውም፣ ጠግቦ ይተኛል፣ እናትም "ጠገበልኝ" ትላለች፣ ቢጫው ይጨምራል።

እዚህ ጋ አንድ ወጥመድ አለ። ቢጫ የበዛበት ልጅ ይተኛል። አያለቅስም፣ አይነጫነጭም። ቤት ያለው ሁሉ "እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው" ይላል። የኔን ልጅ እንደዚያ እያልን ነበር። ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ሦስት ሰዓት ካለፈ ቀስቅሱት። ጥቅልሉን ፍቱ፣ የውስጥ እግሩን አሹት፣ ጨርቁን ቀይሩ፣ ራቁቱን ደረታችሁ ላይ አስተኙና ላያችሁ ላይ ልበሱ። ጡቱን ይዞ ሁለት ጊዜ ስቦ ድጋሚ ከተኛ አልጠባም፣ አትቁጠሩት። መሳብ ካቃተው አልባችሁ በሲኒ ስጡት። አዎ፣ በቡና ሲኒ። በደንብ ታጥቦ የተቀቀለ ሲኒ ከጡጦ ይሻላል፣ ለማጠብም ይቀላል። ልጁን ቀና አድርጋችሁ ሲኒውን ከንፈሩ ላይ ብቻ አስነኩት፣ እሱ ይልሰዋል፤ አፉ ውስጥ አትድፉበት።

በቂ እንደጠባ እንዴት ይታወቃል? ከአምስተኛው ቀን ጀምሮ በቀን ቢያንስ ስድስት ጊዜ ጨርቅ ካረጠበ ጥሩ ነው።

የፀሐዩ ነገር

እናቴ መጀመሪያ ያለችው "ፀሐይ አሙቂው" ነው። ሐምሌ! የምን ፀሐይ? ሦስት ቀን ብንጠብቅ ኖሮ ፀሐይ ሳትወጣ ልጁ ያልቅ ነበር።

እርግጥ ሐሳቡ ከመሬት የተነሳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1956 እንግሊዝ ውስጥ ሮችፎርድ ሆስፒታል የምትሠራ አንዲት ነርስ ያለ ቀናቸው የተወለዱትን ግቢ አውጥታ ፀሐይ ታሞቃቸው ነበር። አንዱን ልጅ ስትገልጠው ፀሐይ ያገኘው ቆዳ ጠርቷል፣ ተሸፍኖ የነበረው ግን እንደ ቢጫው ነው። ዛሬ ሐኪም ቤት ቢጫ ለሆነ ልጅ የሚበራው የሕክምና መብራት የተወለደው ከዚያ ነው። ብርሃኑ፣ በተለይ ሰማያዊው፣ ቆዳ ውስጥ ያለውን ቢሊሩቢን ቅርጹን ይለውጠውና ጉበትን ሳይጠብቅ በሐሞትና በሽንት እንዲወጣ ያደርገዋል።

ታዲያ ፀሐይ ለምን አይበቃም? መብራቱ ልጁን ራቁቱን፣ በሙቀት፣ ቀንና ሌሊት ለሰዓታት ያበራበታል። እናንተ ጠዋት አሥር ደቂቃ ፊቱን ብቻ ከጋቢ አውጥታችሁ የምታሞቁት ከዚያ ጋር አይወዳደርም። ራቁቱን ብታወጡት ደግሞ ወይ ይበርደዋል ወይ ይቃጠላል። ጠዋት ትንሽ ፀሐይ ብታሞቁት እኔ አልከለክልም። ግን ለቢጫው መድኃኒት ነው ብላችሁ ሁለት ቀን አታባክኑ። የወፍ መድኃኒት ተብሎ ከገበያ የሚመጣው ሥርና ቅጠልም ያው ነው፤ ስንት እንደሚሰጥ የማይታወቅ ነገር ገና ሥራውን ያልለመደ ጉበት ላይ መጫን ነው። አምጪዋን አክስት ላለማስቀየም ተቀብላችሁ አስቀምጡት፣ አትስጡት።

መቼ ነው የሚሮጠው

ጡት እምቢ ካለ ወይም መሳብ ካቃተው። ለመቀስቀስ ካስቸገረ። ሰውነቱ እንደ ጨርቅ ከለሰለሰ፣ ወይም በተቃራኒው ጀርባውንና አንገቱን ወደ ኋላ ከለጠጠ። ልቅሶው ቀጥኖ እንደ ሲቃ ከሆነ። ካንቀጠቀጠው። ካተኮሰው ወይም ከቀዘቀዘ። በፍጥነት ከተነፈሰ። ከእነዚህ አንዱ ከቢጫ ጋር ከመጣ ቀጠሮም፣ ጠበልም፣ ምክርም ይደርሳል፤ መጀመሪያ ሐኪም ቤት። ሌሊትም ቢሆን።

ጅማ ከተማ ውስጥ ላላችሁ ዕድለኞች ናችሁ፣ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የጨቅላ ሕፃናት ክፍል አለው። ከሰቃ፣ ከማና፣ ከቀርሳ፣ ከዴዶ ለምትመጡ መጀመሪያ የሚገኘው ጤና ጣቢያ ይሁን፤ ሪፈር ይጽፋሉ፣ አምቡላንስም ካለ ይጠራሉ። መንገድ ላይ ልጁን ደረታችሁ ላይ ለጥፋችሁ፣ ከላይ ጋቢ ደርባችሁ፣ መዋጥ ከቻለ እያጠባችሁ።

እዚያ ምን ይሆናል

ከእግሩ ተረከዝ ወይም ከእጁ ደም ይወሰዳል። ታለቅሳላችሁ፣ እሱም ያለቅሳል። የደም ዓይነቱም የእናንተም ይታያል። ውጤቱ ከፍ ካለ ሰዉ ሙቀት ክፍል የሚለው ውስጥ ይገባል፣ መብራት ሥር። ልጄ በዳይፐር ብቻ፣ ዓይኑ በጨርቅ ተሸፍኖ፣ ሰማያዊው ብርሃን ውስጥ ተዘርግቶ ሳየው እግሬ ከዳኝ። ዓይኑን የሚሸፍኑት ብርሃኑ እንዳይጎዳው ነው፣ ታሞ አይደለም። መብራቱ አያቃጥልም፣ እንደ ራጅ ያለ ጨረርም አይደለም። ካካው አረንጓዴና ቀጭን ቢሆን፣ ቆዳው ሽፍ ቢል አትደንግጡ። በየሁለት ሦስት ሰዓቱ ወጥቶ ይጠባል፤ ከመብራቱ ሥር ውሃ ስለሚያጣ ማጥባቱ የሕክምናው ግማሽ ነው። ሲወጣ ግን ሰዓቱን አታስረዝሙበት። ስታቅፉት በሚቆይበት ጊዜ መብራቱ አይሠራም።

አብዛኛው በአንድ ሁለት ቀን ይወጣል። ጥቂቶች ላይ መብራቱ ካልደረሰበት ደሙን በትንሽ በትንሹ እያወጡ በሌላ ደም ይተኩታል፤ ያኔ አባትና ዘመድ ለደም ልገሳ ሊጠየቅ ይችላል። ሲያሰናብቷችሁ ተመልሶ ሊጨምር ስለሚችል መቼ ደግሞ እንደሚታይ ጠይቃችሁ ውጡ። ጆሮውም ከፍ ያለ ውጤት ከነበረው በኋላ ይመርመር።

ስትሄዱ የምትይዙት፦ የክትትል ካርዳችሁን፣ ያንን ሰዓት የተጻፈበት ወረቀት፣ ብዙ ጨርቅ፣ የተቀቀለች ሲኒ፣ ለራሳችሁም የሚበላ ነገር። እኔ ሲኒዋን ረስቼ ባሌ በዝናብ በባጃጅ ተመልሶ አመጣት፣ በኪሱ ይዟት፣ ጆሮዋ ተሰብሮ።